ዝም ብዬ የደረደርኳቸው ድንጋዮች

የሐይቁን ስም አልነግራችሁም። ከቦንጋ ወደ ሺሺንዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ ያለ ነው፤ ከዚህ በላይ ከኔ አፍ አትሰሙም። ስሙን ብነግራችሁ ከመካከላችሁ አንዱ ነገ በጠዋት ተነሥቶ «እዚህ አካባቢ የሚሸጥ ቦታ አለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሰውን አውቀዋለሁ። ሐይቅ ማለቴም ለክብሩ ብዬ ነው። የባሕር ዳር ሰው ቢያየው «ይቺማ ኩሬ ናት» ብሎ ይስቅ ይሆናል። ይሳቅ። እኛ ያለንን ነው የምናከብረው።

እኔ ቦንጋ ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ እሸጣለሁ። ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ሲሚንቶ፣ ቀለም፣ የበር ማጠፊያ። ሱቁን የከፈቱት ከስልጤ የመጡት አባቴ ናቸው፤ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያደግሁ ነኝ። ሱቅ ውስጥ ያደገ ሰው ደግሞ ሰው አያምንም። «ሚስማር እንድገዛ ዘመዴ ልኮኝ ነው» የሚል ሲመጣ ዘመድየው ምን ነክቶት ራሱ አልመጣም እላለሁ። ሰላም ያለኝን ሰው ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። ሰላም ሳይለኝ ያለፈውን ደግሞ ምን አድርጎኝ ነው እላለሁ። ባለቤቴ ዘይነባ «አንተ እኮ ጥላህ ሲከተልህ ማን ላከህ ብለህ የምትጠይቅ ሰው ነህ» ትለኛለች። አልዋሸችም።

ታዲያ እንዲህ ሰውን ሲጠረጥሩ መኖር ደም ያፈላል። አንድ ቀን ራሴን ሲያዞረኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ክንዴን አስሮ ለካና ከንፈሩን መጠጠ። «ግፊትህ ከፍ ብሏል። ጨው ቀንስ፣ ጭንቀትም ቀንስ» አለኝ። ጨውስ እሺ፣ ዘይነባ ትቀንሰዋለች። ጭንቀትን በምን ማንኪያ ነው የምቀንሰው? ይህንኑ ብጠይቀው «ትርፍ የማታገኝበት ነገር ሥራ፤ እንዲያው ዝም ብለህ የምትሠራው» አለኝ። ለነጋዴ ትርፍ የሌለው ነገር ሥራ ማለት ምን ማለት ነው? ወጥቼ እስክሄድ ድረስ ይህ ሐኪም ምን አስቦ ነው እያልኩ ነበር።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ መጣብኝ። አንድ ሽበታም ፈረንጅ ሐይቅ ዳር ተንበርክኮ ድንጋይና ቅጠል በክብ ይደረድራል። አንዱን ቅጠል ያነሣል፣ ያየዋል፣ ያስቀምጣል፣ ሌላ ያነሣል። ጨርሶ ተነሣ፣ ትንሽ አየውና ጥሎት ሄደ። ከዚያ ውኃው መጥቶ ጠራርጎ ወሰደው። አለቀ። ሰውየው ምን እንደሚሸጥ ለማወቅ ደጋግሜ አየሁት። ስልክ ቁጥር የለውም። «ይዘዙን» የለውም። በመጨረሻ ግን፣ ወላሂ፣ ሳላውቀው ትከሻዬ ወረድ፣ ትንፋሼም ረጋ ብሎ አገኘሁት።

እሑድ ሲደርስ ጫማዬን አሥሬ ተነሣሁ።

«ወዴት ነው?» አለች ዘይነባ።

«ሐይቅ ዳር።»

«ምን ልትሠራ?»

«ድንጋይ ልደረድር።»

ዘይነባ የምትከትፈውን ሽንኩርት ትታ ዘለግ ላለ ጊዜ አየችኝ።

«ስሟ ማነው?» አለች።

ማልኩላት፣ ተገዘትኩላት። «ሂድ እንግዲህ፣ ድንጋይህን ደርድር» አለችኝ፤ አነጋገሯ ግን ሂድ የሚል አልነበረም። ሞተሬን አስነሥቼ ሄድኩ።

ሌላ ሰው ክብ ሥራ ቢሉት በዓይኑ ገምቶ ይሠራል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ የተንጋደደ ቆርቆሮ እየመለስኩ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጠማማ ነገር ካየሁ ጥርሴን ያመኛል። ስለዚህ መሐሉ ላይ ችካል መታሁ። ሲባጎ አሰርኩበት። ከወገቤ የማይለየውን ሜትር መዝዤ ለካሁ። ዙሪያውን ትናንሽ ችካሎች ሰካሁ፤ ሣሩ ውስጥ እንዳይጠፉኝ ብዬም ጫፋቸው ላይ ቀይ ፕላስቲክ አሰርኩ። አሁን ሳወራችሁ ለእናንተ ገብቷችሁ ትስቁ ይሆናል። ያን ቀን ለኔ አልገባኝም። እኔ የታየኝ ልክ የሆነ ክብ ብቻ ነው።

ከዚያ ወደ ለቀማው ገባሁ። ከውኃው ዳር ጥቋቁር ለስላሳ ድንጋይ። የብሳና ቅጠል ሲያረጅ ብርቱካን የሚመስለው ነገር አለ አይደል፣ እሱን። ከኮርች ዛፍ ሥር የረገፈ ቀይ አበባ። ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ጢም የሚንጠለጠለው ግራጫ ነገር ንፋስ የጣለውን። የወደቀ ብቻ ነው ያነሣሁት፤ ይህን አስምሩልኝ። የካፋ ጫካ አጥር የለውም፣ ባለቤት የሌለው ዛፍ ግን የለበትም። ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ የባለ ቀፎው ነው፤ ጥላው ሥር ያለውም ነገር ባለቤት አያጣም። እዚህ ተወልጄ ይህን አውቃለሁ። ስለዚህ አንዲት ደረቅ ቅጠል ሳነሣ እንኳ ግራ ቀኜን አይቼ ነው። ግራ ቀኙን እያየ ከመሬት የሚያነሣ ሰው ከሩቅ ለሚያየው ምን እንደሚመስል ግን አላሰብኩም።

በሚቀጥለው እሑድ ስመጣ ክቡ የለም።

ከብት ረግጦት ነው እንዳልል ችካሎቹ ተነቅለዋል። ከብት ደግሞ ሲባጎ አይፈታም። የኔ ሲባጎ ተፈትቶ፣ በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። አጠገቡ ችካሎቹ እንደ ማገዶ ተደርድረዋል። ሌባ ቢሆን ይወስደው ነበር። ቢሰርቀኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሌባን አውቀዋለሁ። ሲባጎ ጠቅልሎ የሚያስቀምጥ ጠላት ግን ምን ዓይነት ነው?

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ከድርን ነው። ከድር ከሱቄ ፊት ለፊት ያው የኔኑ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው። ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም። ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ እጁን አየሁት፤ ጭቃ የለበትም። ታጥቦ ነው አልኩ። እሱም በተራው እኔን ያየኛል። «ምነው ትክ ብለህ ታየኛለህ?» ስለው «አንተ ነህ እንጂ የምታየኝ» አለኝ። እንዲህ ስንተያይ ደንበኛው ሌላ ሱቅ ገባ።

ክቡን ደግሜ ሠራሁት። ደግሞ ፈረሰ። ደግሜ ሠራሁት። ሲባጎዬ ተጠቅልሎ ጠበቀኝ። ግፊቱን ለማውረድ የጀመርኩት ነገር ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ነሣኝ። ከአሥር ዓመት በፊት ቆርቆሮ አጠረብኝ ብሎ የተጣላኝ ሰው ሳይቀር ትዝ እያለኝ ተጠርጣሪ አደረግሁት። በመጨረሻ ወጥመድ ላጥምድ ቆረጥኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ሄጄ ከሁሉም የሚያምረውን ክብ ልሠራ፣ እሑድ ጎሕ ሲቀድ ተመልሼ ቁጥቋጦ ውስጥ ልደበቅና አፍራሹን እጅ ከፍንጅ ልይዘው።

ወጥመድ መሆኑን ግን ሠርቼ ሳልጨርስ ረሳሁት። በዚያ ሳምንት የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ስለነበር የጫካው ቡና አብቦ ነጭ አበባው መሬቱን አልብሶታል። ችካልም ሲባጎም ተውኩና በዓይኔ ጀመርኩ። ከውጭ ጥቁሩን ድንጋይ፣ ከዚያ ብርቱካኑን ብሳና፣ ከዚያ ቀዩን ኮርች፣ እያጠበብኩ እያጠበብኩ መሐሉ ላይ የቡናውን ነጭ አበባ ሞላሁበት። ትንሽ ተንጋዷል። ጥርሴን ግን አላመመኝም። ተነሥቼ አየሁት። በሕይወቴ የሸጥኩት ነገር ብዙ ነው፤ የሠራሁት ግን ይኸ ብቻ ነው ብዬ አሰብኩ። ደስ አለኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ስለማያውቅ ትንሽ ፈራሁ።

እሑድ ሳይነጋጋ ደረስኩ። ሞተሬን ራቅ ካለ ቦታ አቁሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ከክቡ ፊት ለፊት ወዳለው ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ በደረቴ ገባሁ። ስገባ አንድ ሰው ቀድሞኝ ገብቷል። ጋቢ የለበሱ፣ ባርኔጣ ያደረጉ፣ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ ያጋደሙ አዛውንት። ተያየን። እንግዲህ ሰው ሰው ነው፣ ሰላምታ ግድ ነው።

«እንደምን አደሩ አባት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን አደርክ?»

«አልሐምዱሊላህ። ቤተሰብ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው። የአንተስ?»

«ደኅና ናቸው። ዝናቡ ጀመረ አይደል?»

«ጀመረ። ይበል ነው።»

ሰላምታው ሲያልቅብን ሁለታችንም ቁጥቋጦ ውስጥ ተንበርክከን መሆኑ ትዝ አለን።

«ማንን እየጠበቁ ነው?» አልኳቸው።

«አንተን። አንተስ?»

«እርስዎን ሳይሆን አይቀርም።»

ጋሽ ወልደሰንበት ይባላሉ። የዚያ ቀበሌ ሽማግሌ ናቸው፤ በጫካው ውስጥ ያለው ቀፎ ግማሹ የሳቸው ነው ይባላል። ሳልጠይቃቸው «ችካሉን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሲባጎህን ግን አልወሰድኩም። የሰው ንብረት ነው።»

«ለምን ነቀሉት?»

«አንተ ለምን ተከልከው? የማንን መሬት ነው የምትለካው?»

«የማንንም አልለካም። ዝም ብዬ ነው።»

ይህን ስል ፊታቸው ጠቆረ። ከዘራቸውን ይዘው ከቁጥቋጦው ወጡ፤ እኔም እሾህ ጋቢያቸውን እንዳይዘው ይዤላቸው ወጣሁ። ከሐይቁ ማዶ ያለችውን ጉብታ በከዘራቸው አሳዩኝ። «እዚያ ማዶ የመጡትም ዝም ብለን ነው ነበር ያሉት» አሉኝ። «ሲባጎ ይዘው መጡ፣ ቀይ ጨርቅ ያለው ችካል ተከሉ። ምንድን ነው ስንላቸው ዝም ብለን ነው፣ ለማየት ነው አሉ። ውኃ አጠጣናቸው። አጥሩ የመጣው ቆይቶ ነው። ዛሬ ከዚያ ወገን ያለ ሰው ወደ ውኃው ለመውረድ ጉብታውን ዞሮ ነው። ዝም ብዬ ነው የሚል ሰው እኛ ጋ ቃሉ አልቋል።»

«ና፣ ለኔ አትንገረኝ፤ ለመሬቱ ባለቤት ንገራት» ብለው ወደ ላይ መሩኝ።

የእትዬ ብዙነሽ ቤት ከሐይቁ ዳር ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ከጓሮው እንሰት አለ፤ ፊት ለፊቱ እስከ ውኃው አፋፍ የሚወርድ የለሰለሰ፣ የተቆፈረ፣ የጥቁር አፈር ማሳ። ባዶውን። ዙሪያው ያለው ጎረቤት ሁሉ ጎደሬውን ተክሎ ጨርሷል፤ የእትዬ ብዙነሽ የጎደሬ ዘር ግን እንሰቱ ሥር በቅጠል ተሸፍኖ ተከምሯል። ከላይ ያለው መጨማደድ ጀምሯል። በሩ ሥር ዕቃ የታሰረባቸው ሁለት ጥቅሎች ተቀምጠዋል።

እትዬ ብዙነሽ ቀጭን፣ ነጠላቸውን ጥብቅ አድርገው ያጣፉ ሴት ናቸው። ጋሽ ወልደሰንበት ሁሉንም አስረዱኝ። እትዬ ከበራቸው ቆመው ቀይ ፕላስቲክ ያሰርኩበትን ችካል ያዩ ዕለት የመትከያ ዶማቸውን አስቀመጡ። «ነገ ለሚወሰድ መሬት ዘሬን አላበላም» አሉ። የጎደሬ ዘሩን ግማሹን ለጎረቤት አደሉ። ልጃቸው ደካ የሚባል ቦታ ነው የሚኖረው፤ ነገ ሰኞ መጥቶ ሊወስዳቸው ተስማምተዋል። ከሄዱ ማሳው ጦም ያድራል፤ ጦም ያደረ መሬት ደግሞ ባለቤት የለውም ለማለት ይቀላል። ባላቸውን የቀበሩት ከዚያው ከፍ ብሎ ካለው ቤተ ክርስቲያን ነው።

አፈርኩ። ከማፈሬ በላይ ደነገጥኩ። እኔ ሰው ሲያፈርስብኝ ነው እንጂ እኔ ሰው አፈርሳለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። በርጩማ ሰጡኝ፤ ቤት የመጣ ሰው ቢጠረጠርም ቆሞ አይጠየቅም። አስረዳሁ። «ሐኪም ነው ያዘዘልኝ» አልኩ።

«ሐኪም ድንጋይ ደርድር አለህ?» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት።

«ድንጋይ አላለም። ትርፍ የሌለው ነገር ሥራ አለኝ።»

«አንተ ነጋዴ አይደለህ?»

«ነኝ።»

ጋሽ ወልደሰንበት ወደ ሰዉ ዞረው «ሰማችሁ» አሉ።

ቪዲዮውን ባሳያቸው ይገባቸዋል ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ይህን ባደረግኩበት እጅ እስከ ዛሬ አዝንበታለሁ። ሁሉም ዙሪያዬን ከበው አዩ።

«ይሄ ፈረንጅ ማነው?» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት።

«አላውቀውም።»

«ሳታውቀው ነው ሥራውን የምትሠራለት?»

ቪዲዮው ቀጥሎ ውኃው መጥቶ ሁሉንም ሲጠርግ አንዲት ጎረቤት «አዪ፣ ውኃውንም ጭምር ነው የሚፈልጉት» አሉ። ስልኬን ወደ ኪሴ መለስኩ።

«እንግዲህ ወንድሜ» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት፣ «ነገሩ በዋስ ነው የሚያልቀው። ይህ ሰው ለመሬት አልመጣም ብሎ የሚቆምልህ አንድ ሰው ጥራ። አንድ ይበቃናል። ዋስ ካለህ እትዬ ብዙነሽ ይተክላሉ፣ አንተም በሰላም ትሄዳለህ።»

አንድ ሰው ነው የተባልኩት። አንድ ሰው ማን ያጣል ብዬ ዘይነባ ጋ ደወልኩ። ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግሁት።

«ዘይኑ፣ ሐይቅ ዳር ነኝ። እሑድ እሑድ እዚህ ምን እንደምሠራ ለሰዎቹ ንገሪልኝ፤ እየሰሙሽ ነው።»

«ሰዎቹ እነማን ናቸው?»

«ሽማግሌዎች ናቸው። እትዬ ብዙነሽም አሉ።»

«ብዙነሽ» አለች ዘይነባ፣ ስሙን ቀስ ብላ። «ብዙነሽ ነው ስሟ?»

«አንቺ ሴት፣ እናቴን የሚሆኑ ሰው ናቸው። እባክሽ ምን እንደምሠራ ብቻ ንገሪልኝ።»

«እኔማ ምን አውቃለሁ። ድንጋይ ልደረድር ነው ብሎኛል። እኔም አላመንኩትም» አለች። በርጩማ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ።

ቀጥዬ ከድር ጋ ደወልኩ። ከድርን ለዋስነት መጥራቴ ምን ያህል እንደጨነቀኝ አላህ ነው የሚያውቀው። «ከድር፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ዕድሜህን ሙሉ ታውቀኛለህ። ሐይቅ ዳር ሰዎች ተጠራጥረውኝ ነው፤ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ መስክርልኝ» አልኩት።

ከድር ሳቀ። «ሐይቅ ዳር ነው እንዴ እሑድ እሑድ የምትጠፋው? እኔ እኮ ስንት ጊዜ ሳጠናህ ከረምኩ። ጎበዝ፣ ጥሩ ቦታ ነው ያየኸው። ለኔም ከጎንህ አንድ ጥግ ያዝልኝ እንጂ።»

ስልኩን ዘጋሁት። እትዬ ብዙነሽ ተነሡና በሩ ሥር ያለውን የጥቅሉን ገመድ ጠበቅ አደረጉት።

እኔም ተነሣሁ። ሌላ ያለኝ ነገር ስላልነበረ ያለኝን እውነት ተናገርኩ። «ጋሽ ወልደሰንበት፣ ይህ ነገር እንዲቆይ አይደለም የሚሠራው። ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ይጠፋል። ቁም ነገሩ መጥፋቱ ነው።»

«ሊጠፋ ነው የሠራኸው?»

«አዎን።»

«እንግዲያው ሂድና አጥፋው። የራስህ ከሆነ ታጠፋዋለህ። የላከህ ካለ እጅህ እንቢ ይልሃል።»

ተያይዘን ወረድን። ጀምበር ወጥታ ስለነበር የቅዳሜው ክቤ ከሩቅ ይታያል። ጤዛ አርፎበታል። ጥቁሩ ድንጋይ ያበራል፤ የቡናው አበባ አልጠወለገም፤ ቀዩ ኮርች አሁን የረገፈ ይመስላል። ቀረብን። ከሰዎቹ መሐል አንዷ ሳታስበው «ውይ» አለች፣ ወዲያው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

እግሬን አነሣሁ። መልሼ አስቀመጥኩት።

«ከሰዓት ዝናብ አይቀርም፣ ዝናቡ ያፈርሰዋል» አልኩ።

«ሰማዩ ጥርት ብሏል» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት።

«ከብቶቹ ሲያልፉ ይረግጡታል።»

«ከብቶቹ በዚህ አያልፉም።»

«እሺ፣ መጀመሪያ አንድ ፎቶ ላንሣው።»

«ሊልክላቸው ነው» አለ አንድ ሰው ከኋላዬ።

ስልኬን ከተትኩ። ወጥመድ ብዬ የሠራሁት ነገር እኔኑ ያዘኝ። ለራሴ ጠፊ ነው ጠፊ ነው ስል ከርሜ፣ አጥፋው ሲሉኝ እግሬ መሬት ላይ ተተከለ። ጋሽ ወልደሰንበት ዞረው «አያችሁ፣ እጁ እንቢ አለው» አሉ። የሰዉ ዓይን ጀርባዬን ሲበላኝ ይሰማኛል። እኔ በነሱ ቦታ ብሆን ከመጀመሪያው አላምንም ነበር፤ ቪዲዮውንም አላይም ነበር።

እትዬ ብዙነሽ ወደ ፊት መጥተው ከጎኔ ቆሙ። ቁጣ የለባቸውም። ክቡን አዩት፣ ማሳቸውን ዞረው አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ድንጋዩን ተወው። እኔን አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ልትከል ወይስ ልሂድ?»

«ይትከሉ እትዬ» አልኩ። ድምፄ ለራሴ ጆሮ ቀጠነብኝ።

ከዚያ ገባሁበት። ከመሐሉ ጀመርኩ፤ ከዳር ብጀምር እንደማልጨርሰው አውቄያለሁ። ነጩን አበባ በጫማዬ ገፈተርኩት፣ ቀዩን ከብርቱካኑ ደባለቅሁት፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያነሣሁ ወደ ውኃው ወረወርኩ። አበባው ጭቃ ይዞ ሱሪዬ ላይ ተለጠፈ። ስጨርስ ፊቴን ወደ ሐይቁ አዙሬ ቆምኩ። ጤዛ ነው እንዳልላችሁ ጤዛ ከላይ አይወርድም። አለቀስኩ። ቆርቆሮ ሻጭ፣ የልጆች አባት፣ ለረገፈ አበባ ብዬ ሰው ፊት አለቀስኩ።

«ማፍረሱን አፈረሰ» አሉ ጋሽ ወልደሰንበት። «ነገ ተመልሶ የማይሠራው መሆኑን ማን ያውቃል? ታዝዞ ይሆናል ያፈረሰው።»

«አይ ወልደሰንበት» አሉ እትዬ ብዙነሽ። «ና፣ በዚህ በኩል ዞረህ ዓይኑን እየው። አንተ ብዙ ዘመን ኖረሃል፤ ለችካሉ ያለቀሰ ቀያሽ አይተህ ታውቃለህ?»

ጋሽ ወልደሰንበት መጥተው ከፊቴ ቆሙ። ጎንበስ ብለው አዩኝ። እውነቴን ነው፣ ጥርሱ እንደሚታይ የገበያ ፈረስ ነው ያዩኝ። አሰቡ፣ አሰቡ።

«አላየሁም» አሉ።

«እንግዲያው ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ እትዬ ብዙነሽ።

«እንዴት ይሆናል? የሚጎዳው ያንቺ መሬት፣ ዋሱም አንቺ?»

«የሚጎዳው የኔ ከሆነ ማን ይከለክለኛል?» ብለው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ወደ ላይ ወጡ። ጥቅሎቹን ፈትተው ዕቃውን ወደ ቤት መለሱ። ለልጃቸው ደወሉ፤ «አትምጣ፣ ሥራ ይዣለሁ» ሲሉት ሰማሁ። ዘር የተቀበሉት ጎረቤቶች አንድ በአንድ እየሄዱ የተረፋቸውን ይዘው መጡ። ጋሽ ወልደሰንበት «ሰንበት ነው እኮ» ቢሏቸው «ዘሩ ሰንበት አይጠብቅም፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ። ያን ቀን እስከ ቀትር አብሬ ጎደሬ ተከልኩ። ጋሽ ወልደሰንበትም ከዘራቸውን ተደግፈው ከማሳው ዳር ቆመው ስተክል ሲያዩኝ ዋሉ። ሊያግዙ ግን አይደለም።

አሁንም እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። ችካልና ሲባጎ ቤት ይቀራል። ከመሥራቴ በፊት እትዬ ብዙነሽ በር ላይ ቆሜ «ልሥራ?» እላለሁ፤ «ሥራ» ይሉኛል። ማታ ስሄድ በእጄ አፍርሼው ነው የምሄደው። ማፍረሱን አልለመድኩትም። ግፊቴን ሐኪሙ ሲለካው ወርዷል አለኝ፤ መሣሪያው ልክ መሆኑን ግን ሌላ ቦታ አስለክቼ ነው ያመንኩት።

ጎደሬው በደረሰ ጊዜ የሺሺንዳው ሚኒባስ ረዳት አንድ የታሰረ ጆንያ ሱቄ በር ላይ ጥሎልኝ ሄደ። «እትዬ ብዙነሽ ናቸው የላኩልህ» አለ። ሌላ መልእክት የለም። ቀኑን ሙሉ ባንኮኒው ሥር አስቀምጬ ዞሬ ዞሬ አየሁት። ምን ፈልገው ነው? ቤታቸው ቆርቆሮ ሊያሻው ነው? ልጃቸው ሥራ ፈልጎ ይሆን? ማታ ልደውልላቸው አስቤ፣ ደውዬ ምን እንደምል ስላላወቅሁ ተውኩት። እሳቸውም አልደወሉም። በማግሥቱም አልደወሉም።

በመጨረሻ አላስችል ብሎኝ በሩን ገርበብ አድርጌ ጆንያውን ወለሉ ላይ ገለበጥኩት። በእጄ እያገላበጥኩ ፈለግሁ። አፈሩን አራግፌ ፈለግሁ። ጆንያውን ራሱን ወደ ውጭ ገልብጬ ስፌቱን ዳሰስኩት። ዘይነባ ምሳ ይዛልኝ ስትመጣ ተንበርክኬ አገኘችኝና ምን ጠፍቶህ ነው አለችኝ። ነገርኳት። ምሳውን አስቀምጣ አጠገቤ ተንበረከከች፣ እሷም አንድ በአንድ እያነሣች አየች።

ጎደሬ ብቻ ነበር።